ስምንቱ የንግግር ክፍሎችና የጀውሃው ደብዳቤ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ደብረ ብርሃንን አልፎ የጣርማ በርን ቁልቁለት የወረደ መንገደኛ ደብረ ሲናን ተሰናብቶ ወደ ይፋት ቆላ ሲገባ፣ ብርዱ ሙቀት፣ ገብሱ ማሽላ፣ ጋቢው ነጠላ ይሆንበታል። ሸዋ ሮቢትን አልፎ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና ጥቂት እንደ ተጓዘ ጀውሃ ይደርሳል። ጀውሃ የወንዝም የከተማም ስም ነው። በይፋት ገበያዎች አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ አፋርኛና አርጎብኛ ተናጋሪዎች ስለሚገናኙ፣ ብዙ ሰው ማሾና ማሽላ ሲሸጥ ከአንዱ ቋንቋ ወደ ሌላው ሳይቸገር ይሻገራል። እንዲህ ባለ አገር ያደገ ልጅ ቋንቋን መማር ይከብደዋል ብሎ ማን ያስባል? ሆኖም ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚህች ከተማ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል የአንድን ወጣት ተስፋ ልታጨልም ምንም አልቀራትም ነበር። ታሪኩን የነገሩኝ በጡረታ የሚገኙ አንድ የእንግሊዝኛ መምህር ናቸው።

ወጣቱ በአንድ መሥሪያ ቤት ሁለት ዓመት በትጋት ያገለገለ ነው። ወደ ውጭ አገር ሄዶ ትምህርቱን ለመቀጠል ማመልከቻ አስገባ፤ ማመልከቻው ግን የአለቃውን የድጋፍ ደብዳቤ የሚጠይቅ ሆነ። አለቃው ደግሞ ራሱ ወጣት፣ ሠራተኛውንም የሚወድ ሰው ነበርና ደስ ብሎት ጻፈለት። ደብዳቤው ሊላክ አንድ ቀን ሲቀረው ወጣቱ «አንድ ጊዜ ይመልከቱልኝ» ብሎ ለመምህሩ አሳያቸው። መምህሩ መነጽራቸውን አድርገው ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ሂ ሃርድሊ ወርክስ» ይላል።

አለቃው ለማለት የፈለገው «ጠንክሮ ይሠራል» ነው። የጻፈው ግን «ሥራ የሚሉት ነገር አይነካካውም» ከማለት አይለይም። መምህሩም ወጣቱን ይዘው ወደ አለቃው ቢሮ ሄዱ።

«ልጄ፣ ይህ ልጅ ሰነፍ ነው እንዴ?» አሉት።

«ኧረ ጋሼ! ከእርሱ የበለጠ ሠራተኛስ የለኝም።»

«ታዲያ ደብዳቤህ ሰነፍ ነው ይላል።»

አለቃው ደነገጠ። «ጋሼ፣ እኔ እኮ ትምህርት ቤት የተማርሁትን ነው የጻፍሁት። ተውሳከ ግሥ ሲሆን በቅጽሉ ላይ ‹ሊ› ይጨመርበታል ተብለን ነበር» አለ።

እንግዲህ ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ይህ ሰው ሰዋስው ያልተማረ አይደለም። ተምሯል፤ የክፍሎቹን ስም አንድ በአንድ ያውቃል፤ ሕጉንም በቃሉ ይዞታል። የጎደለው ቃሉ በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ መመልከት ብቻ ነው። ስለዚህ ዛሬ ለተማሪዎቻችንና ገና ሥራ ለያዙ ወጣት ሹማምንት ስለ እነዚህ ክፍሎች ጥቂት መናገር ይጠቅማል ብለን አስበናል።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ሰዋስው የሚለው ቃል ከግዕዝ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው መሰላል ማለት ነው። መሰላል የሚወጡበት እንጂ ተሸክመውት የሚዞሩት ዕቃ አይደለም። የቅኔ ቤት ተማሪዎች ግሥ ሲያወርዱ፣ ርባ ቅምር ሲያጠኑ፣ አገባብን ዐቢይ፣ ንዑስና ደቂቅ ብለው ሲከፍሉ ዓላማቸው ቅኔ መቀኘትና መጽሐፍ መተርጐም ነው። ቅኔ የማይቀኝበት የቅኔ ተማሪ እንደሌለ ሁሉ፣ ዓረፍተ ነገር የማይሠራበት የእንግሊዝኛ ሰዋስውም ከንቱ ድካም ነው።

የንግግር ክፍሎች ስምንት ናቸው የሚለው ቁጥርም ከእንግሊዞች የመነጨ አይደለም። በእስክንድርያ የተማረው የግሪኩ ሊቅ ድዮናስዮስ ዘትራቄ ከክርስቶስ ልደት በፊት በሁለተኛው መቶ ዓመት የነበረ ሲሆን፣ በስሙ የሚጠራው መጽሐፍ የግሪክን ቃላት በስምንት ይከፍላቸዋል። ሮማውያን ይህን ሥርዓት ሲወርሱ በቋንቋቸው አርቲክል ስለሌለ እርሱን አስወግደው በቦታው ቃለ አጋኖን አስገቡና ቁጥሩ ያው ስምንት ሆኖ ቀረ። እንግሊዞችም ከላቲን ተቀብለው ቅጽልን ከስም ለይተው ለብቻው አቆሙ። በአገራችንም ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ በ1948 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፋቸው የአማርኛን ቃላት በስምንት ከፍለው አስተምረዋል። ዶክተር ባዬ ይማም ደግሞ በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት የአማርኛ ሰዋስው ክፍሎቹን ወደ አምስት አወረዷቸው፤ ይኸውም ስም፣ ግሥ፣ ቅጽል፣ ተውሳከ ግሥና መስተዋድድ ናቸው። የዛሬ የእንግሊዝኛ ሊቃውንትም «ዘ»ንና «ኤ»ን የመሳሰሉትን ቃላት ለብቻ ስለሚመድቡ ቁጥሩ ከመጽሐፍ መጽሐፍ ይለያያል። ከዚህም ቁጥሩ ከሰማይ የወረደ ሕግ ሳይሆን ሊቃውንት ለማስተማር እንዲመቻቸው ያበጁት መደብ መሆኑን እንረዳለን።

የይፋት ልጆች ደግሞ በዚህ ታሪክ ውስጥ የራሳቸው ድርሻ እንዳላቸው ቢያውቁ ደስ ይላቸዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1698 ጀርመናዊው ሂዮብ ሉዶልፍ የመጀመሪያውን የአማርኛ ሰዋስው በፍራንክፈርት ሲያሳትም የተጻፈው በላቲን ነበር፤ አማርኛን ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስ ነበሩ። በእንግሊዝኛ የተጻፈው የአማርኛ ሰዋስው ግን የወጣው በ1842 በለንደን ሲሆን ደራሲው ካርል ኢዘንበርግ ነው፤ ከዚያ በፊት በ1841 መዝገበ ቃላቱን አሳትሞ ነበር። ኢዘንበርግ አስቀድሞ በትግራይ ቆይቶ፣ በ1839 ከባልደረባው ከክራፕፍ ጋር ከታጁራ ተነሥቶ የአዳልን በረሃ አቋርጦ በይፋት በኩል ወደ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ አገር ገባ። በ1841ም የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ ካፒቴን ሐሪስ በዚሁ በይፋት በር መጥቶ በኅዳር ወር ከንጉሡ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋለ። እንግዲህ አማርኛና እንግሊዝኛ ፊት ለፊት ከተገናኙባቸው ቀደምት በሮች አንዱ ይህ ቆላ ነው ማለት ነው። በዚያ ዘመን በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ቆሞ ትክክለኛውን ቃል መምረጥ የመንግሥታት ጉዳይ ነበር፤ ዛሬም ለአንድ ወጣት የዕድል ጉዳይ ሆኖ አገኘነው።

አሁን ወደ ክፍሎቹ እንለፍ።

የመጀመሪያው ስም ነው፤ እንግሊዞች ናውን ይሉታል። ጀውሃ፣ ወንዝ፣ ማሽላ፣ ትዕግሥት ሁሉ ስሞች ናቸው። ተማሪው እዚህ ላይ የሚሰናከለው በብዙ ቁጥር ነው። እኛ ምክሮች፣ መረጃዎች፣ ዕቃዎች እንላለን፤ እንግሊዝኛ ግን ምክርን፣ መረጃንና የቤት ዕቃን እንደ ውሃ የማይቆጠሩ ነገሮች አድርጎ ስለሚያያቸው «አድቫይስ»፣ «ኢንፎርሜሽን»፣ «ፈርኒቸር» በሚሉት ቃላት ላይ የብዙ ቁጥር «ስ» አይገባም። በየመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤ «ኢንፎርሜሽንስ» የሚል ሲገኝ ስሕተቱ ከአማርኛው «መረጃዎች» የመጣ ነው።

ሁለተኛው ተውላጠ ስም ወይም ፕሮናውን ነው። እኛ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ፣ እናንተ ብለን ዕድሜን፣ ጾታን፣ ክብርንና ቁጥርን የምንለይበትን ሁሉ እንግሊዝኛ «ዩ» ብሎ ያልፈዋል። አማርኛ ደግሞ ተውላጠ ስሙን በግሡ ውስጥ ይሸሽገዋል። «ዘነበ» ስንል አንድ ቃል ይበቃናል፤ እንግሊዝኛ ግን ባለቤት የሌለውን እንዲህ ያለ ግሥ ስለማይቀበል «ኢት ሬይንድ» ይላል። «ኢት» የሚያመለክተው ነገር ባይኖርም ወንበሩ ባዶ እንዳይቀር የተቀመጠ ነው። ይህን የረሳ ተማሪ «ኢዝ ሆት» ብሎ ይጽፋል፤ «ኢት ኢዝ ሆት» ማለት ነበረበት።

ሦስተኛው ቅጽል፣ በእንግሊዝኛ አድጀክቲቭ፣ ስምን የሚገልጽ ቃል ነው። እኛ «ረጃጅም ዛፎች» ስንል ቅጽሉም ስሙም ይበዛል፤ እንግሊዝኛ «ቶል ትሪስ» ሲል የሚበዛው ስሙ ብቻ ነው። ደግሞም የአማርኛ ግሥ በእንግሊዝኛ ቅጽል የሚሆንበት ጊዜ አለ። «ራበኝ» ግሥ ነው፤ «አይ አም ሃንግሪ» በሚለው ውስጥ ግን «ሃንግሪ» ቅጽል ነው። ስለዚህ አንድ ቃል በአማርኛ ያለው መደብ ወደ እንግሊዝኛ ሲሻገር አብሮት ይሻገራል ብሎ ማመን አይገባም።

አራተኛው ግሥ፣ ማለት ቨርብ፣ የዓረፍተ ነገር ምሰሶ ነው። በአማርኛ መጨረሻ ላይ ይቆማል፤ በእንግሊዝኛ መካከል ይገባል። የቦታው ነገር ቀላል አይምሰለን። «ጅቡ ውሻውን ነከሰው» የሚለውን «ውሻውን ጅቡ ነከሰው» ብንለው ትርጉሙ አይለወጥም፤ ተነካሹን የምታሳየን «ን» ናትና። እንግሊዝኛ ይህች «ን» ስለሌለችው ተናካሽና ተነካሽ የሚታወቁት በቦታቸው ነው። «ዘ ሃይና ቢት ዘ ዶግ» ያለውን ገልብጦ «ዘ ዶግ ቢት ዘ ሃይና» ያለ ሰው ጅቡን በውሻ አስነከሰው። ሌላው ችግር አሉታ ነው። «አልመጣም» አንድ ቃል ሲሆን በእንግሊዝኛ «ሂ ዲድ ኖት ካም» ብሎ አራት ቃል ይፈልጋል። ያለፈውን ጊዜ «ዲድ» ስለ ያዘው ዋናው ግሥ እንደ ገና ወደ ኃላፊ ጊዜ አይለወጥም፤ «ሂ ዲድ ኖት ኬም» ያለ ተማሪ አንዱን ጊዜ ሁለት ጊዜ ቆጠረው ማለት ነው።

አምስተኛው ተውሳከ ግሥ፣ በእንግሊዝኛ አድቨርብ፣ ድርጊቱ እንዴት፣ መቼ፣ የት፣ ምን ያህል እንደ ተፈጸመ ይናገራል። አማርኛ በዚህ በኩል ብዙ ራሳቸውን የቻሉ ቃላት የሉትም፤ «በፍጥነት»፣ «በጥንቃቄ» እያልን በመስተዋድድና በስም፣ ወይም «ጠንክሮ»፣ «ፈጥኖ» እያልን በግሥ እንገልጸዋለን። እንግሊዝኛ ግን በብዙዎቹ ቅጽሎች ላይ «ሊ» ጨምሮ ተውሳከ ግሥ ያበጃል፤ «ስሎው» የነበረው «ስሎውሊ» ይሆናል። የጀውሃው አለቃ የተማረው ሕግ ይህ ነው፤ ሕጉም እውነት ነው። ነገር ግን «ፋስት» ቅጽልም ተውሳከ ግሥም ሲሆን መልኩን አይለውጥም። «ሃርድ»ም እንደዚሁ ነው፤ «ሂ ወርክስ ሃርድ» ማለት ጠንክሮ ይሠራል ነው። «ሃርድሊ» ሌላ ቃል ሆኖ «ከቶ አይደለም ለማለት ጥቂት የቀረው» የሚለውን ሐሳብ ይይዛል። «ሌት» ዘግይቶ ሲሆን «ሌትሊ» በቅርብ ጊዜ ማለት ነው። በሌላ በኩል ደግሞ «ፍሬንድሊ» በ«ሊ» ቢጨርስም ቅጽል ነው፤ ወዳጃዊ ማለት ነውና። እንግዲህ በጅራቱ ብቻ አይተን የምንፈርድበት ቃል ያታልለናል።

ስድስተኛው መስተዋድድ ወይም ፕሪፖዚሽን ነው። የኛ «በ» ለብዙ ነገር ታገለግላለች፤ በመስከረም፣ በሰኞ ቀን፣ በሦስት ሰዓት እንላለን። እንግሊዝኛ ለወሩ «ኢን»፣ ለቀኑ «ኦን»፣ ለሰዓቱ «አት» ይላል። ወጣት ሹማምንት ደግሞ ሰዓቱንም አብረው ይተርጕሙ። ከጧቱ 3 ሰዓት የተጠራውን ስብሰባ ለውጭ አገር እንግዳ «አት ስሪ» ብሎ የጻፈ ሰው መስተዋድዱን አልሳተም፤ እንግዳው ግን ከቀኑ 9 ሰዓት መጥቶ ባዶ አዳራሽ ያገኛል። መጻፍ የነበረበት «አት ናይን» ነው።

ሰባተኛው መስተጻምር፣ በእንግሊዝኛ ኮንጀንክሽን፣ ቃልን ከቃል፣ ሐሳብን ከሐሳብ ያያይዛል። እኛ «ምንም እንኳ ዝናብ ቢዘንብ፣ ግን ገበያው ቆመ» ብንል ጆሮ ይቀበለዋል። በእንግሊዝኛ ግን «ኦልዞ» ብሎ የጀመረ ሰው በመካከል «በት» ብሎ አይጨምርም፤ አንዱ ማያያዣ ይበቃል።

ስምንተኛው ቃለ አጋኖ፣ ማለት ኢንተርጀክሽን ነው። እሰይ፣ ወይኔ፣ ኧረ፣ ጉድ የሚሉት ናቸው። ከዓረፍተ ነገሩ ውጭ ስለሚቆሙ ሰዋስው አያስቸግራቸውም፤ ደብዳቤ ውስጥም ባይገቡ ይሻላል።

ከነዚህ በላይ ተማሪን የሚያስቸግር አርቲክል የሚባል አለ። አማርኛ «ወንዙ» ሲል የታወቀውን ወንዝ በመጨረሻዋ ድምፅ ያመለክታል፤ እንግሊዝኛ ከፊት «ዘ» አስቀድሞ «ዘ ሪቨር» ይላል። ያልታወቀ አንድ ወንዝ ከሆነ «ኤ ሪቨር» ነው። እኛ «ወንዝ አየሁ» ስንል በስሙ ላይ ምንም ስለማንጨምር ብዙ ተማሪ «ኤ»ን ይረሳታል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልናስተውለው የሚገባ አንድ ነገር አለ። በእንግሊዝኛ አንድ ቃል መልኩን ሳይለውጥ መደቡን ይለውጣል። «ዋተር» ውሃ ማለት ሲሆን ስም ነው። ነገር ግን ገበሬው ከጀውሃ ወንዝ ጠልፎ ሽንኩርቱን ሲያጠጣ «ሂ ዋተርስ ዘ አንየንስ» ይባላል፤ ያው ቃል ግሥ ሆነ። በአማርኛ ውሃና ማጠጣት በመልካቸው ይለያሉ፤ በእንግሊዝኛ የሚለያቸው የቆሙበት ቦታ ነው። ስለዚህ «ዋተር የትኛው የንግግር ክፍል ነው?» ተብሎ ለብቻው ቢጠየቅ የተሟላ መልስ የለውም። ትክክለኛው ጥያቄ «በዚህ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ምን ይሠራል?» የሚለው ነው። ሰውም እንዲሁ ነው፤ በቤቱ አባት፣ በመሥሪያ ቤቱ ጸሐፊ፣ በዕድሩ ዳኛ ሊሆን ይችላል። ሥራውን ያላየ ማዕርጉን አያውቅም።

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ፣ እንግሊዝኛም ከመጀመሪያ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ በሁለተኛ ደረጃና ከዚያ በላይ ደግሞ ማስተማሪያ እንዲሆን ደንግጎ ነበር። እንግዲህ በእንግሊዝኛ የደከመ ተማሪ በታሪኩም በሳይንሱም ይደክማል። ነገር ግን መድኃኒቱ የክፍሎቹን ዝርዝር ደጋግሞ መሸምደድ አይደለም። መምህሩ የነገሩኝ ዘዴ ቀላል ነው። ተማሪው በየቀኑ በአካባቢው ካየው ነገር አምስት ዓረፍተ ነገር ይጻፍ፤ ስለ ገበያው፣ ስለ ወንዙ፣ ስለ አውቶቡሱ። ከዚያ በኋላ በየቃሉ ሥር ሥራውን ይጻፍበት። በመጨረሻ ዓረፍተ ነገሩን ወደ አማርኛ መልሶ የትኛው ቃል እንደ ጠፋ፣ የትኛው እንደ ተጨመረ፣ የትኛው ቦታውን እንደ ለወጠ ይመልከት። በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ያለው ልዩነት ዓይኑ ሥር ሲመጣ ሕጉ ራሱ ይታየዋል። ሹማምንትም ደብዳቤ ከመፈረማቸው በፊት ለሌላ ዓይን ቢያሳዩ ማዕርጋቸው አይቀንስም።

የጀውሃው ደብዳቤ መጨረሻው ምን ሆነ ለሚሉ አንባቢዎች የሰማሁትን ልንገር። አለቃው ያንኑ ዕለት «ሊ»ን አውጥቶ ደብዳቤውን እንደ ገና ጻፈው፤ በማግሥቱም ተላከ። ነገር ግን መምህሩ አንድ ሌላ ነገር ጠየቁት።

«ልጄ፣ እንዲህ ያለ ደብዳቤ ከዚህ በፊት ለማን ጽፈሃል?»

አለቃው ዝም አለ። ከዚያም መሳቢያውን ከፍቶ የግልባጮቹን ማኅደር አወጣ። ባለፈው ዓመት ይኸው ወጣት ለሌላ ትምህርት ቤት አመልክቶ ነበር፤ የድጋፍ ደብዳቤውም ቃል በቃል ያው ነው፤ የተሰጠው መልስ «አልተመረጥህም» የሚል ነበር። ያልተመረጠው በዚያች ቃል ምክንያት ይሁን በሌላ፣ ማንም ሊያውቅ አይችልም። አለቃው ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ ወጣቱን «ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ» አለው። ወጣቱም ለጥቂት ጊዜ ግልባጩን ሲመለከት ቆይቶ፣ «እኔም እኮ አንብቤው ነበር፤ ደግ የተባለልኝ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነው የላክሁት» ሲል መለሰ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱም ቅዳሜ ቅዳሜ ከመምህሩ ቤት ደብተር ይዘው ይመጡ ጀመር። መምህሩ በመጀመሪያው ቀን ያጻፏቸው ዓረፍተ ነገር አንድ ብቻ ነበር፤ «ሂ ወርክስ ሃርድ»። ከሥሩም የእያንዳንዱን ቃል ስም ሳይሆን ሥራውን እንዲጽፉ አዘዟቸው።